አባባ የቀየሩት ዘይት

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬም አንኳኳች። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ አራት ላይ ስደርስ ጠፋ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስሄድም እንዲሁ ነበር፤ ያኔም አራት። የታመመ ነገር እንዴት አራት እስኪቆጠር ይድናል? ካልታመመስ ለምን ያቃስታል? ክፍል ገብቼ ስለ ፍጥነትና ርቀት ሳስተምር ሐሳቤ ኮፈኑ ሥር ነበር።

ከቅዳሜ ወዲህ ያስተዋልኩትን ልጻፈው፤ ስጽፈው ይጠራልኛል።

ድምፁ ጠዋት ጠዋት አለ፤ ከሰዓት የለም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው፣ ጀበና የምትመስለዋ ቀይ የዘይት መብራት ድሮ ሞተሩ እንደተነሳ ትጠፋ ነበር። አሁን ትዘገያለች።

ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው። ዛሬ በሁለተኛ ወጣሁት፣ ያውም እየለመንኳት።

ቤንዚን መጠጣት አብዝታለች? ይህን ገና አላረጋገጥኩም።

ቅዳሜ ምን ሆነ? አባባ ዘይት ቀየሩልኝ። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

መኪናዋ ትንሽ፣ ያረጀች አውቶሞቢል ናት። ወንድሜ ሙሉቀን ጎንደር ታክሲ ሲሠራባት ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ለኔ ተወልኝ። ዘይቷን ሁልጊዜ ጎንደር የሚያስቀይረው እሱ ነበር። እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ዘይት ሲቀየርላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አባባ ደግሞ አብደራፊ እርሻ ላይ ሠላሳ ዓመት ትራክተር የነዱ ሰው ናቸው። ጋራዥ ልውሰዳት ስላቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት። ከድሮ ባልደረባቸው ሃምሳ ቁጥር፣ ወፍራም የትራክተር ዘይት በጀሪካን አስመጡ። "በረሃ ነው ልጄ፤ ቀጭን ዘይት እዚህ ውሃ ነው የሚሆን" አሉኝ።

ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ቡሎኑን በጣታቸው እየዳሰሱ ፈቱት፤ አሮጌውን አፈሰሱ፤ በላይ በኩል አዲሱን ሞሉ። ከዚያ ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው "ተማም!" አሉ። አንድ ነገር ሲሰምርላቸው የሚሏት ቃል ናት፤ ከሱዳኖች ጋር ሲሠሩ የለመዷት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከርከዴዬን እየጠጣሁ በኩራት አያቸው ነበር። ምክንያቱም አባባ አያዩም ማለት ይቻላል። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፤ በግራው ብርሃንና ጥላ ይለያሉ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጎንደር የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሞቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ከቅዳሜ በኋላ አይገኙም። ነርሷ በስልክ "ይህ ካለፋችሁ ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ አላውቅም" ብላኛለች። አውቶቡስ አለ። ግን አባባን በየግማሽ ሰዓቱ ሽንት ይይዛቸዋል፤ የትኛው ሹፌር ነው ለአንድ ሽማግሌ በየግማሽ ሰዓቱ የሚቆመው? ባለፈው ዓመት በአውቶቡስ ሄደው ምን እንደደረሰባቸው አልነገሩኝም፤ ሱሪያቸውን ግን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የአውቶቡስ ወሬ አይነሳም።

ስለዚህ መኪናዋ ጎንደር መድረስ አለባት። መንገዱ አቀበት ነው፤ አገሩ ደጋ ነው። እሷ ደግሞ ታንኳኳለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል ስላልነበረኝ መላኩ ጋራዥ ወሰድኳት። መላኩ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ የሚጠግን ሰው ነው። አሁን የሰሊጥ አጨዳ ስለሆነ ግቢው በትራክተርና በጭነት መኪና ተጨናንቋል። ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎች፣ ጥላ ሥር ተኮልኩለው የሚጭናቸው መኪና እስኪጠገን ይጠብቃሉ።

መላኩ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ። ድምፅ የለም። መንገዱን ነድቻት ስለመጣሁ ሞቃለች፤ ሞቃ ደግሞ አታንኳኳም።

"ጤነኛ ናት፣ ቲቸር። ምናልባት ሐኪም ማየት ያለበት ጆሮሽን ነው" አለኝ።

ሳሉጎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ዓይነት ዘይት እንደሚጠቀም ጠየቅኩት።

"ለሁሉም ያው ነው። አርባ ወይ ሃምሳ ቁጥር። በረሃ ነው።"

አባባም ያሉት ይህንኑ ነው፤ በረሃ ነው። እዚህ አገር ለሁሉም ጥያቄ መልሱ "በረሃ ነው" ነው። ልብስ ሲነጣ በረሃ ነው፤ ስብሰባ ሲቀር በረሃ ነው። እሺ፣ በረሃ ነው። ግን ማነው የለካው? በረሃ በመሆኑ ዘይቱ ስንት ያህል ይቀጥናል? ከበረሃ ሲወጣስ ስንት ያህል ይወፍራል?

እየነዳሁ ስመለስ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የምታንኳኳው ጠዋት ነው። ጠዋት ከቀኑ ሁሉ ቀዝቃዛው ሰዓት ነው። የገንዳ ውሃ ጠዋት ብርድ ከተባለ፣ የጎንደር ጥቅምትስ ምን ሊባል ነው?

ቤት ደርሼ የኋላ ኮፈኗን ከፈትኩ። ከትርፍ ጎማው ሥር ሙሉቀን የተወው የዘይት ጣሳ ተገኘ። ከሥሩ ትንሽ ዘይት ቀርቶታል። ጎኑ ላይ አምስት ደብልዩ ሠላሳ የሚል ተጽፏል፤ ከሃምሳ የቀጠነ ማለት ነው። ለሙሉቀን ደውዬ ድምፁን ነገርኩት።

"ስንት ቁጥር አደረጋችሁባት?"

"ሃምሳ።"

"ማነው ያለሽ?"

"አባባ።"

"በይ እንግዲህ፣ አንቺው ንገሪያቸው" ብሎ ሳቀብኝ። ፈሪ! ለነገሩ እኔም አልነገርኳቸውም። በምን አፌ? ሠላሳ ዓመት ሞተር ውስጥ የኖረን ሰው፣ ስለ ሞተር ከመጽሐፍ ብቻ የማውቅ ልጅ ተሳስተዋል ልበላቸው? መጀመሪያ እኔ ራሴ ላረጋግጥ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ደስ ብሎኛል፤ ከፍቶኛልም። ከደስታው ልጀምር።

ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ተውሼ መጣሁ። ሁለት ባዶ የለስላሳ ጠርሙሶች አጥቤ አደረቅኩ። በአንዱ ሙሉቀን የተወውን፣ በሌላው ከአባባ ጀሪካን የተረፈውን ሞላሁ። አባባ አሮጌ የኩሽኔታ ብዮች በቆርቆሮ ያጠራቅማሉ፤ ከሽምብራ የምታንስ አንዲት ብይ መረጥኩ። ሙከራው ይኸው ነው፤ ብይዋን ከላይ ልቀቃትና ታች እስክትደርስ ቁጠር።

በቤቱ ሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ 34 ሲል፣ በሙሉቀን ዘይት ውስጥ ለመቁጠር እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም። በአባባው ዘይት አንድ ብዬ ሳልጨርስ ደረሰች። ይኼው ነው? ብዬ ተናደድኩ። መላኩ ልክ ሊሆን ነው።

ከዚያ ሁለቱንም ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኳቸው። መብራት ሄደ። መብራት መጣ። ከሰዓት በኋላ አወጣኋቸው። የሙሉቀን ዘይት፣ አንድ። የአባባ ዘይት... ሦስት... አምስት... ብይዋ የሄደች አትመስልም፤ ሰባት... ዘጠኝ። ዘጠኝ! ብቻዬን ጮህኩ። ደግሜ ጣልኳት፤ ዘጠኝ። ለወሬው ያህል የሰሊጥ ዘይትም ሞከርኩ፤ እሱ ከሁለቱም ፈጠነ። ለመኪናዬ አልሞላላትም እንጂ አስቆኛል።

ስለዚህ ሁለቱም ዘይቶች ሲሞቁ ይቀራረባሉ፤ ሲቀዘቅዙ ግን አይተዋወቁም። አራቷም ቁጥር ገባችኝ። ሞተሩ ሲያድር ዘይቱ ታች ኮፓው፣ የዘይት ማጠራቀሚያው፣ ውስጥ ይወርዳል። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር በቀጫጭን መንገዶች ተገፍቶ እላይ መድረስ አለበት። እስኪደርስ ድረስ የላይኞቹ ብረቶች በደረቁ ይፋተጋሉ። ቀጭ ቀጭ የሚሉት እነሱ ናቸው። አራት ማለት የዘይቱ የመንገድ ጊዜ ነው። እዚህ አራት ከሆነ ብርድ አገር ስንት ሊሆን ነው?

አሁን የከፋኝን።

አባባ ከጓሮ ሲገቡ "ምንድን ነው የምታንኳኪ?" አሉ። ብይዋ ታች ስታርፍ የምታሰማት ጢቅ የምትል ድምፅ ለኔ እምብዛም አትሰማኝም፤ እሳቸው ከበር ሆነው ሰሟት። የትኛው የማን እንደሆነ ሳልናገር አንዱን ጠርሙስ ጆሯቸው ላይ አስያዝኳቸውና ብይዋን ጣልኩ። ወዲያው ጢቅ። ሁለተኛውን አስያዝኳቸው። አባባ ጠበቁ። ጠበቁ። ጢቅ።

"ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። "አሁንም።" ጣልኩ።

"ይኸ የዘገየው የኔ ነው?"

"አዎ አባባ። ግን ስለቀዘቀዘ ነው እንጂ..."

"ከቅዳሜ ጀምሮ በደረቁ ነው ያስነሳናት በይኛ።" ጠርሙሱን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "የዓርቡ ይቅር። ዓይን የሌለው ሰው የሰው መኪና መንካት አልነበረበትም።"

"የዓይን ጉዳይ አይደለም፤ የቁጥር ጉዳይ ነው" አልኳቸው። ራታቸውን ሳይበሉ ወደ አልጋቸው ሄዱ። ሙከራዬ ሰመረ፤ አባቴን ሰበርኳቸው። ስለ ዘይቱ ለመናገር ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረም? ነበር ይሆናል። እኔ ግን ትክክል በመሆኔ ተደስቼ ስለነበር አላሰብኩበትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የምጽፈው ጎንደር መንገድ ላይ ካለችው አይከል ሆኜ ነው። አይከል መሆን አልነበረብንም።

ጠዋት የከተማውን የመለዋወጫ ሱቆች ሁሉ ዞርኩ። አርባ ቁጥር አለ፣ ሃምሳ አለ፣ የባጃጅ አለ፤ አምስት ደብልዩ ሠላሳ የለም። አንዱ ባለሱቅ ጭራሽ "እሱ የደጋ ዘይት ነው" ብሎ መለሰኝ። ቤት ስመለስ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸውን አልቀየሩም። ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ እንደወሰድኩ ነገርኳቸው።

"አልሄድም ብያለሁ።"

"ይሁን፤ እንደ ታካሚ አይሂዱ። እኔ ግን መኪናዋን ጎንደር ወስጄ ዘይቷን ማስቀየር አለብኝ። አቀበቱ ላይ ብታንኳኳ ምን እንደምትል አላውቅም። የሚያዳምጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ጫማቸውን በእጃቸው ዳስሰው አወጡ። ከዚያ "የአሥራ አራቱን የቡሎን ቁልፍ ከሳጥኔ አውጪ" አሉኝ። እንደ መካኒክ ሊሄዱ ነው። ተመስገን!

ዕቅዱን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በሙቀቱ ሰዓት እንነሳ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አናጥፋው፤ አመሻሹ ላይ ጎንደር ስንደርስ፣ ሳትቀዘቅዝ ዘይቱ ይቀየር። በብርድ እንዳትነሳ ብቻ። የሚያስገርም ዕቅድ ነበር። እኔ ጠርሙስና ብይ ስቆጥር እሳቸው ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረዋል ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ተነሳን። እስከ ነጋዴ ባሕር ከተማ አራት ጊዜ ለሽንት ቆምን፤ አራቱንም ጊዜ ሞተሩ እየሠራ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ዳሽቦርዱ አዘንብለው "ደህና ናት... ደህና ናት... እዚህ ላይ ማርሽ ቀንሺ" ይላሉ። አቀበቱ ተጀመረ። ከብዷታል፤ ግን ትወጣለች። ከዚያ አንድ መታጠፊያ ላይ ሰሊጥ የጫነ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ቤንዚኑ ሲያሳስበኝ ሞተሩን አጠፋሁት። (ቤንዚን መጠጣት አብዝታለች፤ አሁን ተረጋግጧል።) ሳትቀዘቅዝ መንገዱ ስለተከፈተ በቀላሉ ተነሳች። አይከል ስንገባ ግን ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ ኬላው ላይ ደግሞ ከዚህ ሰዓት በኋላ መኪና አያልፍም ተባልን። ብለምን፣ የቀጠሮ ወረቀቱን ባሳይ፣ አልሆነም። "ንጋት ላይ ክፍት ነው" አለኝ ጠባቂው፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሻይ ቤት ያላቸው ሴት ከጀርባ አንድ ክፍል ሰጡን። አባባ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበውም ይንቀጠቀጣሉ፤ ለስንት ዓመት ብርድ አላዩም። ቴርሞሜትሩን ይዤ መጥቻለሁ። አሁን 14 ይላል፤ ገና ወደ ታች እየሄደ ነው። ያለ ምርጫዬ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገባሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ጎንደር፤ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ። አባባ ውስጥ ናቸው። እጄ ዘይት ዘይት ይሸታል። ከጠዋቱ ልጀምር።

ንጋት ላይ ቴርሞሜትሩ 8 ይል ነበር። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ እ... እ... እያለ በስንፍና ዞረ፤ ከዚያ ድንገት ተነሳና ጠጠር የተሞላ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጡ ይመስል ተንኳኳ። ቀይዋ መብራት በርታ ቀረች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አባባ በመዳፋቸው ዳሽቦርዱን መቱ። "አጥፊ! አጥፊያት!" ሰባት ላይ አጠፋሁ።

አለቀ፣ ቀጠሮው አለቀ ብዬ አለቀስኩ። አባባ እስክጨርስ አልጠበቁኝም።

"ከሰል የሚያነዱ ከሆነ ሴትዮዋን ጠይቂያቸው። ድስትም።"

ለካ አብደራፊ ከመውረዳቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ ወገራ ስንዴ እርሻ ላይ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። እዚያ በብርዱ ትራክተር አልነሳ ሲል ዘይቱን አፍስሰው፣ አሙቀው መልሰው ይሞሉት ነበር። ይህን ሰምቼ አላውቅም። በሠላሳ አራት ዓመቴ አባቴ ከበረሃው በፊት ሌላ ሕይወት እንደነበራቸው ገና መስማቴ ነው።

እትዬ ጥሩዬ ጥያቄዬን ሲሰሙ "በሞተር ዘይት ወጥ ልትሠሩ ነው?" አሉ፤ ግን አሮጌ ድስትና የከሰል ምድጃ አወጡልን። አባባ እዚያው ብርድ ላይ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ አልፈሰሰም፤ እንደ ማር ቀስ ብሎ ተንጠለጠለ። ጠርሙሱ ውስጥ ያየሁትን በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ወርዶ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ ሰዓቴን እንዳየሁ!

ምድጃውን ከመኪናዋ አርቀን፣ ፍሙን አሳስተን ድስቱን ጣድን። አባባ ጎኑ ላይ ተቀምጠው በየጊዜው ጣታቸውን ይነክራሉ። "ጭስ እንዳያወጣ። ጣት እስኪችለው ብቻ" እያሉ። ዓይናቸው ምንም አልረዳቸውም፤ አላስፈለጋቸውምም። እኔ የሞተሩን የዘይት ክዳን ፍቼ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። በካርቶን ቁራጭ ማፍሰሻ ሠራን፤ ድስቱን በጨርቅ ይዘን አንድ ላይ ገለበጥነው።

"አሁን።"

ቁልፉን አዞርኩ። ሁለት ስቆጥር ቀይዋ ጠፋች።

"ተማም!" አሉ አባባ፤ እትዬ ጥሩዬም ምን እንደሆነ ሳያውቁ "ተማም!" አሉ። ድስታቸው ግን ከእንግዲህ ሽሮ አይሠራበትም።

ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ደረስን። ነርሷ የአባባን እጅ ስታይ ደነገጠች፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና አሳጠበቻቸው። ሲገቡ ዞር ብለው "አታጥፊያት፣ እንዳትቀዘቅዝ" አሉኝ። አባቴ ዓይናቸው ሊከፈት እየገቡ የሚያስቡት ስለ ኮፓው ነው።

ሞተሩን ግን አጥፍቻለሁ፤ ከሆስፒታሉ ግቢ ቆማለች። አንድ የጎንደር መካኒክ ወደ ጋራዡ ሊወስዳት ከሰዓት ይመጣል። ምን ያህል ጎድተናት ይሆን? አልጠይቅም፤ ዛሬ አንድ ፍርሃት ይበቃኛል። በሩ ተዘግቶ አርባ ደቂቃ ሆነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ያያሉ!

ፋሻው ጠዋት ተነሳ። አባባ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ የሐኪሙን ነጭ ካፖርት፣ ከዚያ እኔን አዩ። "ከስተሻል" አሉኝ። እጄን እስክንወጣ አልለቀቁም። ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ ዓይን ማሸት የለም ተባሉ። ጠቆር ያለ መነጽር ተሰጣቸው።

ከዚያ ጋራዥ ሄድን። ሃምሳ ቁጥሩ ወጥቷል፣ ፊልትሮው ተቀይሯል፣ ትክክለኛው ዘይት ገብቷል። መካኒኩ የላይኞቹ ብረቶች ላይ ትንሽ መፋቅ ሊኖር ይችላል፣ በጆሮ መከታተል ነው አለ። አባባ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁሉን ነገር በዓይናቸው ይበሉታል፤ የቁልፎቹን መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጎማ። ወደ ኮፈኑ ሊሄዱ ሲነሱ "ማጎንበስ የለም!" ብዬ አስቀመጥኳቸው።

"እንግዲያ የዘይቱን ክዳን ፍቺና አምጪልኝ።"

አመጣሁላቸው። በአቧራና በቅባት ጠቁሯል። በመሐረባቸው ጠረጉት፤ እጃቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው ያዙት፤ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ አዘነበሉ።

"አምስት" አሉ። "ደብልዩ። ሠላሳ።"

ክዳኑ ላይ ታትሟል። መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ እዚያ ተጽፎ ነበር።

"ያለፈው ቅዳሜ ስፈታው ጽሑፍ እንዳለው አውራ ጣቴ አውቋል" አሉ አባባ፣ ክዳኑን እያዩ። "ቁጥር እንደሆነም ጠርጥሬያለሁ። አንብቢልኝ ማለት አቃተኝ። አጠገቤ ነበርሽ፤ ሁለት ቃል ነበር፤ አቃተኝ። እንደ ድሮው አደርገዋለሁ አልኩና ዘጋሁት።"

አጠገባቸው ነበርኩ። ዓይን የነበረኝ እኔ ነኝ። ከርከዴ እየጠጣሁ፣ ማየት ሳይችሉ እንዲህ መሥራታቸውን እያደነቅኩ ቆሜ ነበር። አይከል ላይ ያንኑ ክዳን ሃያ ደቂቃ በእጄ ይዤው ነበር፤ አልገለበጥኩትም። ጠርሙስ፣ ብይ፣ ቴርሞሜትር፣ ማቀዝቀዣ። መጥረግና ማንበብ ግን አልመጣልኝም።

"እኔም አላነበብኩትም፣ አባባ" አልኳቸው።

"አንቺማ መምህር ነሽ" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እንዳይስቁ ስላልተባሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትናንት ተመለስን። አይከል ላይ ለእትዬ ጥሩዬ አዲስ ድስት አደረስን፤ አባባ ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ገበያው ላይ ያለውን ድስት ሁሉ እያነሱ፣ ቀለሙን እያዩ። በመንገድ ላይ የታርጋ ቁጥር፣ የሱቅ ስም፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሳይቀር ሲያነቡልኝ ነበር። ጆሮዬ ደከመ፤ እሳቸው ግን አልተዉም።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞርኩ። ቀይዋ ወዲያው ጠፋች። ለኔ ምንም አልተሰማኝም።

"ይሰማዎታል?"

ራሳቸውን አዘነበሉ። "ትንሽ አለች" አሉ። "አንድ ጊዜ ቀጭ ብላ ጠፋች። ዱሮም የነበረች ትሆናለች፤ የኔም ትሆናለች። አላውቅም።"

እኔም አላውቅም። ከአባባ ዘይት በፊት በደንብ አዳምጫት አላውቅም፤ የማነጻጽረው የለኝም። በየጠዋቱ ልቆጥርና ልጽፍ ወስኛለሁ። ዛሬ፣ አንድ።

ከሰዓት ስመለስ ኮፈኑ ተከፍቶ አገኘሁት። አባባ ሳያጎነብሱ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪብቶ የሆነ ነገር እየጻፉ ነው። ለስንት ዓመት ብዕር አልያዙም። ፊደሎቹ ወደ ታች ይዘማሉ፤ ሠላሳዋ ከአምስቷ ትበልጣለች።

"የሺ" አሉኝ ዞር ሳይሉ፣ "ነይ እስቲ አንብቢልኝ።"

ቦርሳዬን እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።